ሃርድዌር ዋሌት ለጀማሪ፦ ጎንደር ላይ እንዴት አዘጋጀሁት፣ እንዴትስ እጠቀምበታለሁ

ለውጭ ደንበኞች የግራፊክስ ሥራ እሠራለሁ። ክፍያዬ በአብዛኛው የሚመጣው በዩኤስዲቲ ነው፤ ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ክሪፕቶ ነው። ያጠራቀምኩትን ከኤክስቼንጅ፣ ማለትም ክሪፕቶ ከሚገበያዩበት ድርጅት፣ አውጥቼ ሃርድዌር ዋሌት የምትባል ትንሽ ዕቃ ላይ ካደረግኩት ቆይቷል። ቴሌግራም ግሩፖች ላይ ስለዚህ ነገር በአማርኛ የሚጠየቀውን ሳይ፣ ጥያቄው ሁሌ ስለ ዕቃው ነው። የቱ ይሻላል? ስንት ነው? አዲስ አበባ ይገኛል? ዕቃው ሲዘጋጅ ስለሚሰጣችሁና ገንዘቡን ስለሚከፍቱት 24 ምስጢራዊ ቃላት የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አላይም። ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው። ዕቃው ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ ውሃ ቢገባው ገንዘባችሁ አይነካም። ቃላቱ ሌላ ሰው እጅ ከገቡ ግን አለቀ። የት ይከሰሳል? ማንስ ይመልሳል?

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ማንንም ክሪፕቶ ግዙ እያልኩ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አገር ውስጥ በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ ገልጾ ነበር። ሕጉና መመሪያው የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ የራሳችሁን ሁኔታ ቀድማችሁ አጣሩ። እዚህ የምናገረው ቀድሞ በእጁ ላለ ሰው ነው። ያለችውን እንዴት አድርጎ ከሌባ ይጠብቃት?

ብዙ ሰው ኮይኑ ዕቃው ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። ኮይኑ ያለው ብሎክቼይኑ ላይ ነው፤ ይሄም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት የሂሳብ መዝገብ ነው። ዕቃው የሚይዘው ፕራይቬት ኪውን ነው፤ ማለትም ኮይኑን ለማንቀሳቀስ የሚፈርመውን ምስጢር። ስልክ ላይ የሚጫን ዋሌትም ይሄንኑ ምስጢር ይይዛል። ችግሩ ስልኩ ሁሌ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ከየትም የወረደ አፕ ሞልቶበታል። ሃርድዌር ዋሌት ፕራይቬት ኪውን ከውስጡ አያወጣም። ኮምፒውተሩ "ይሄን ክፍያ ፈርምልኝ" ብሎ ይልክለታል። ዕቃው ክፍያውን በራሱ ትንሽ ስክሪን ላይ ያሳያችኋል። ተስማምታችሁ በተኑን ስትጫኑ ፊርማው ብቻ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ላፕቶፑ ቫይረስ ቢኖርበት እንኳ ፕራይቬት ኪውን አያገኘውም።

ኤክስቼንጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ፕራይቬት ኪው ጭራሽ እናንተ ጋ የለም። ማውንት ጎክስ የተባለው የጃፓን ኤክስቼንጅ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ 850,000 ያህል ቢትኮይን ጠፋ ተብሎ ነበር። ከዚያ ውስጥ 200,000 ያህሉ በኋላ ተገኘ። ኤፍቲኤክስ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲከስር ሰዎች ገንዘባቸውን ስክሪን ላይ እያዩት ማውጣት አልቻሉም። እኔ የወር ወጪዬን የሚያህል ብቻ ኤክስቼንጅ ላይ እተዋለሁ። የሚጠራቀመው ወደ ዋሌቱ ይሄዳል።

አሁን ወደ ግዢው። የእኔ ሌጀር ናኖ ኤስ ፕላስ ነው። ትሬዘርም ጥሩ ስም ያለው ነው፤ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሃርድዌር ዋሌት የሚባለውም እሱ ነው፣ ከቼክ ሪፐብሊክ። ሌጀር የፈረንሳይ ነው። እኔ ሌጀርን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። የእኔ ዩኤስዲቲ የሚመጣው በትሮን ኔትዎርክ፣ ማለትም ትሮን በሚባለው ብሎክቼይን፣ ቲአርሲ20 በሚባለው ዓይነት ነው፤ ሌጀር ደግሞ ትሮንን ይደግፋል። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ገንዘባችሁ በየትኛው ኔትዎርክ ላይ እንዳለ እወቁ። ከዚያ ልትገዙት ያሰባችሁት ዕቃ ያንን ኔትዎርክ ይደግፍ እንደሆነ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። ናኖ ኤስ ፕላስ ባትሪ የለውም፣ ብሉቱዝም የለውም፤ በገመድ ላፕቶፕ ወይም አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሰካል። አይፎን ላይ አይሠራም። አይፎን ብቻ ያለው ሰው ይሄን ሳያውቅ እንዳይገዛ።

ከማን እንደሚገዛ ከምርቱ ስም በላይ ያሳስበኛል። ቴሌግራም ላይ "ኦሪጅናል፣ ታሽጎ የመጣ" እያሉ የሚሸጡ አሉ። ሻጩ እውነተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንደዚህ ያለ ዕቃ ላይ የሚሠራው ማጭበርበር የታወቀ ነው። ሌባው ካርቶኑን ከፍቶ ዕቃውን በራሱ ቃላት ያዘጋጀዋል። ቃላቱን በሚያምር ካርድ ላይ ጽፎ "ይሄ የእርስዎ ሪከቨሪ ካርድ ነው" ብሎ መልሶ ያሽገዋል። ገዢው ደስ ብሎት ገንዘቡን ያስገባል። ሌባው የቃላቱ ኮፒ ስላለው ገንዘቡ እስኪጠራቀም ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ሌሊት ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከአምራቹ ከራሱ ድረ ገጽ ግዙ። ያገለገለ አትግዙ። የእኔን ጀርመን የምትኖረው እህቴ በቀጥታ ከአምራቹ አዝዛ፣ ለጥምቀት ስትመጣ በእጅ ሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። አብዛኛው የጎንደር ሰው ውጭ የሚኖር ዘመድ አያጣም። ለዚህ ጉዳይ አደራ ማለት ያለባችሁ የምታምኑትን ሰው ነው፣ ካርቶኑንም ሳይከፍት እንዲያመጣው ንገሩት።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ቀድሞ የተሞላ ፒን ወይም የተጻፉ ቃላት ካገኛችሁበት፣ እዚያው አቁሙ። አዲስ ዕቃ ፒንም ቃላትም የለውም፤ ሁለቱም የሚፈጠሩት እናንተ ፊት ነው። የእኔ ካርቶን ውስጥ የነበሩት የቃላት መጻፊያ ወረቀቶች ባዶ ነበሩ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ቀጥሎ አፑ ነው። ጉግል ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የመጣውን አትንኩ፤ ማስታወቂያ ሆኖ የሚመጣ የውሸት ገጽ አለ። ካርቶኑ ላይ ያለውን አድራሻ በእጃችሁ ጻፉ። የአፕ መደብር ስለሆነ ብቻም አትመኑ። በ2023 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ የሌጀርን አፕ መስሎ የተቀመጠ የውሸት አፕ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዘርፏል። ዘዴው ቀላል ነበር። አፑ ቃላታችሁን ኪቦርድ ላይ ጻፉ ይላል፣ ሰውም ይጽፋል። እውነተኛው አፕ ይሄን አይጠይቅም። ዕቃውን ስትሰኩት አፑ ዕቃው እውነተኛ መሆኑን ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ተነጋግሮ ያረጋግጣል። ይሄ ምርመራ ካላለፈ ምንም ነገር አታስገቡበት።

ከዚያ ፒን ታወጣላችሁ። ሌጀር ላይ ከ4 እስከ 8 አሃዝ ነው። 8 አድርጉት። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ዕቃው ራሱን ባዶ ያደርጋል። ይሄ ሊያስፈራችሁ አይገባም፤ ቃላቱ ካሉ ሁሉም ይመለሳል።

ከፒኑ ቀጥሎ የጉዳዩ እምብርት ይመጣል። ዕቃው 24 የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ በአንድ ያሳያችኋል። ሲድ ፍሬዝ የሚባለው ይሄ ነው። ቃላቱ የሚመጡት 2,048 ቃላት ካሉበት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም ለብዙ ዓይነት ዋሌቶች አንድ ነው። ስለዚህ ሌጀር የሚባል ኩባንያ ነገ ባይኖር እንኳ ቃላቱን ሌላ ተስማሚ ዋሌት ላይ አስገብታችሁ ገንዘባችሁን ታገኛላችሁ። በተቃራኒው፣ እነዚህን ቃላት ያየ ሰው ዕቃውም ፒኑም አያስፈልገውም። ቻይና ቁጭ ብሎ ጎንደር ያለውን ገንዘብ ይወስደዋል።

እኔ ቃላቱን የጻፍኩት ማታ፣ በሩን ዘግቼ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ነው። የላፕቶፑን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኜው ነበር። ቃሉን ከስክሪኑ አነባለሁ፣ በቁጥሩ ትይዩ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ፊደል በፊደል መልሼ ከስክሪኑ ጋር አመሳክረዋለሁ። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት መጻፍ ይሻላል። ዝርዝሩ ውስጥ "ዎል" እና "ዎክ" የሚባሉ ቃላት አሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። በተቀጣጠለ የእጅ ጽሑፍ ከጻፋችሁት ከዓመት በኋላ ራሳችሁም አትለዩትም። አንዳንድ ሰው "በአማርኛ ፊደል ብጽፈው ሌባ አያውቀውም" ሲል ሰምቻለሁ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። አንድን የእንግሊዝኛ ቃል በግዕዝ ፊደል ጽፋችሁ ትክክለኛውን ስፔሊንግ መልሳችሁ ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ቅደም ተከተሉንም አትቀያይሩ። "ሦስተኛውን ከአስረኛው ጋር አዛውሬዋለሁ" ያለ ሰው አንድ ቀን የቱን ከየት እንዳዛወረ ይረሳዋል።

ፎቶ አታንሱ። ስልካችሁ ፎቶውን ሳትጠይቁት ክላውድ ላይ ይጭነዋል። ካስፐርስኪ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ይፋ ያደረገው ስፓርክካት የሚባል ቫይረስ፣ በጉግል ፕሌይና በአፕ ስቶር ባሉ አፖች ተደብቆ ገብቶ የስልክ ፎቶዎችን እያነበበ ሲድ ፍሬዝ ይፈልግ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ የተለመደው ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ማስቀመጥ ነው። የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ቁጥር፣ የተማሪ ሰነድ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ቴሌግራማችሁ የተጠለፈ ቀን ግን ቃላቱ አብረው ይሄዳሉ። ቃላቱ ወረቀት ወይም ብረት ላይ ብቻ ይሁኑ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ መጣ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ትልቁን ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ቃላቱን ፈትኗቸው። እኔ መጀመሪያ ጥቂት ትሮን፣ ማለትም የትሮን ኔትዎርክ የራሱን ኮይን፣ ብቻ ወደ አዲሱ አድራሻ ላክሁ። ከዚያ ሆን ብዬ ፒኑን ሦስት ጊዜ አሳስቼ ዕቃውን ባዶ አደረግኩት። ልብ መምታቱ አይቀርም፣ ግን የገባው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ የሚያስጨንቅ አይደለም። "ከቃላቱ መልስ" የሚለውን መረጥኩና ከወረቀቱ እያነበብኩ ማስገባት ጀመርኩ። ሁለት በተኖች ብቻ ናቸው ያሉት። አንዱ ፊደሉን ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሲጫኑ ይመርጣል። ሦስት አራት ፊደል ሲገባ ዕቃው ራሱ ቃሉን ይጠቁማል። አሰልቺ ነው፣ ጣት ያደክማል። መጨረሻ ላይ ያው አድራሻ፣ ያው ትንሽ ትሮን ተመልሶ ሲመጣ ግን ወረቀቱ እንደሚሠራ በዓይናችሁ አያችሁ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ነው ዋናውን ገንዘብ ያስገባሁት።

ወረቀት ግን ዕድሜው አጭር ነው። ጎንደር ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያፈስበት ቤት ስንት ነው? አይጥም አለ። ቤት ጠራርጎ ወረቀት የሚያቃጥል ሰውም አለ። ስለዚህ ቃላቱን ብረት ላይ አወረድኳቸው። የብረታ ብረት ቤት ሄጄ የእጅ መዳፍ የሚያህል የእስቴንለስ ቁራጭ አስቆረጥኩ። ብረት ቆራጩ ጋሼ "ምን ልጻፍበት?" ሲሉኝ "ግዴለም ጋሼ፣ ባዶውን ነው የምፈልገው" አልኳቸው። ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ቃላቱን ሊቀርጽላችሁ አይገባም። የላቲን ፊደል ጫፋቸው ላይ የተቀረጸባቸውን ትናንሽ የብረት መምቻዎች ከመሣሪያ መሸጫ ገዛሁ። ብረቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ መምቻውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በመዶሻ አንዴ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። ሁለቴ ከመታችሁት ፊደሉ ጥላ ያወጣና ይደበዝዛል። መስመሩ እንዳይዛነፍ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፌ ነበር።

ቃሉን ሙሉ መምታት አያስፈልግም። የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ይበቃሉ፤ ዝርዝሩ የተሠራው በአራት ፊደል ሁሉም ቃል እንዲለይ ተደርጎ ነው። ሦስት ፊደል ብቻ ያለው ቃል ሲያጋጥም አራተኛው ቦታ ላይ ሰረዝ ምቱበት። ቁጥሩንም አትርሱ። አሉሚኒየም ለመምታት ይቀላል፣ ግን በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የቤት እሳት እዚያ ሊደርስ ይችላል። እስቴንለስ የሚቀልጠው 1,400 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የት ይቀመጥ? ሁለት ብረት ሠርቼ ሁለት የተለያየ ከተማ አድርጌያለሁ። አንድ ቤት ላይ የሚደርስ ነገር ሌላውን እንዳይነካው ነው። ከዚህ በላይ ስለ ቦታው አልናገርም፣ እናንተም ለማንም አትናገሩ። አደራ የምትሰጡት ሰው የታሸገ ነገር መያዙን ይወቅ፣ ምንነቱን ማወቅ የለበትም።

እዚህ ላይ ፓስፍሬዝ የሚባለውን ነገር ላንሳ። ከ24ቱ ቃላት በተጨማሪ እናንተ ራሳችሁ የምትመርጡት አንድ ተጨማሪ ቃል ወይም ሐረግ ነው። በ24ቱ ቃላት ብቻ የሚከፈተው ዋሌት ሌላ ነው፣ ቃላቱና ፓስፍሬዙ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚከፈተው ሌላ ነው። ስለዚህ አንዱን ብረት ያገኘ ሰው ዋናውን ገንዘብ አያገኝም። ሌጀር ላይ ፓስፍሬዙን ከሁለተኛ ፒን ጋር ማያያዝ ይቻላል። በአንደኛው ፒን ስትከፍቱት ትንሽ ገንዘብ ያለበት ዋሌት ይታያል፣ በሁለተኛው ዋናው። ጥንቃቄው ግን ከባድ ነው። ፓስፍሬዙን አንድ ፊደል ብታሳስቱ ዕቃው "ተሳስተሃል" አይላችሁም፤ ሌላ ባዶ ዋሌት ከፍቶ ያሳያችኋል። ከረሳችሁት ደግሞ 24ቱ ቃላት ብቻቸውን አያድኗችሁም። ጀማሪ ከሆናችሁ ለጊዜው ተዉት። ቃላቱን በሚገባ መያዝ ስትለምዱ ትደርሱበታላችሁ። ስትጀምሩም ፓስፍሬዙን ከብረቱ በተለየ ቦታ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ጭንቅላት አይታመንም።

ለምን ይሄን ያህል ምስጢር? በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ስለ እገታ ያልሰማ የጎንደር ሰው የለም። ሰው ለመታገት ሀብታም መሆን አያስፈልገውም፤ "አለው" ተብሎ መወራቱ ይበቃል። ይሄ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከሌጀር መሥራቾች አንዱ ፈረንሳይ ውስጥ ከቤቱ ታግቶ ጣቱ ተቆርጦ፣ በክሪፕቶ እንዲከፈል ተጠይቆበት ነበር። ፖሊስ ነው ያስለቀቀው። ዕቃው ምን ቢራቀቅ ሰውየውን አይጠብቅም። ካፌ ውስጥ፣ ፒያሳ ላይ፣ ሠርግ ቤት፣ ስለ ክሪፕቶ ጨዋታ ሲነሳ እኔ ዝም ነው የምለው። ዋሌቱን ቁልፍ መያዣ ላይ አንጠልጥዬ አልዞርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እገታ ላይ የወደቀ ሰው ደግሞ ያለውን ሰጥቶ ሕይወቱን ያትርፍ። በአንደኛው ፒን የሚከፈተው ትንሽ ገንዘብ ያለበት ዋሌት የሚጠቅመውም ለእንደዚህ ያለ ክፉ ቀን ነው።

የዕለት አጠቃቀሙ ያን ያህል አያስቸግርም። ክፍያ ስትቀበሉ አፑ ላይ "ተቀበል" የሚለውን ትነካላችሁ፣ አድራሻው ላፕቶፑ ላይም ዕቃው ላይም ይወጣል። የምታምኑት የዕቃውን ስክሪን ነው። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚቀይር ቫይረስ አለ፤ በተለይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ። የትሮን አድራሻ በቲ ይጀምራል፣ 34 ፊደልና ቁጥር አለው። የኢቴሪየም ደግሞ በዜሮ ኤክስ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አራት ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ መሃሉንም እዩ። ሌቦች በመጀመሪያውና በመጨረሻው የእናንተን ደንበኛ የሚመስል አድራሻ ሠርተው ጥቂት ሳንቲም ይልኩላችኋል። ዓላማቸው በሚቀጥለው ጊዜ ከታሪክ ዝርዝሩ ላይ የእነሱን ኮፒ እንድታደርጉ ነው። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በዚህ መንገድ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ክሪፕቶ ለሌባ ልኳል። አብዛኛው በኋላ ተመልሶለታል፤ እንደዚያ ያለ ዕድል ግን ለሁሉም አይደርስም። ትልቅ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሁሌ ትንሽ ላኩና መድረሱን አረጋግጡ።

ቲአርሲ20 የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዩኤስዲቲ ለማንቀሳቀስ ዋሌቱ ውስጥ ትሮን የተባለው ኮይን ራሱ መኖር አለበት፤ ክፍያው የሚቆረጠው ከእሱ ነው። ዩኤስዲቲ ብቻ አስገብተው "አልወጣ አለኝ፣ ተዘረፍኩ" ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። አልተዘረፉም። ጥቂት ትሮን ይግባበትና ይወጣል። ደግሞም ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴተር የተባለው ኩባንያ የፈለገውን አድራሻ ማገድ ይችላል። ሃርድዌር ዋሌት ከዚህ አያስጥልም። ከማን እንደምትቀበሉ ማወቅ አለባችሁ።

በ2024 እ.ኤ.አ. ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የተባሉት፣ ስክሪን እየነካኩ ኮይን የሚሰበሰብባቸው የቴሌግራም ጨዋታዎች አገሩን ባጥለቀለቁበት ሰሞን፣ ስልኩን የማይነካካ ልጅ አልነበረም። ያ ካለፈ በኋላ "ኤርድሮፕህን ውሰድ፣ ዋሌትህን አገናኝ" እያሉ ነፃ ኮይን የሚያስመኙ ገጾች እስካሁን ይመጣሉ። አገናኛችሁ "ፈርም" ሲላችሁ የምትፈርሙት ገንዘባችሁን የማንቀሳቀስ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ለእንደዚህ ያለው ነገር ስልክ ላይ ሌላ ዋሌት ይኑራችሁ፣ ጥቂት ሳንቲም ያለበት። ዋናውን ዋሌት ከማንም ገጽ ጋር አታገናኙት።

ዕቃው ስክሪን ላይ የምትፈርሙትን በግልጽ ካላሳያችሁ አትፈርሙ። እንደዚያ መፈረም ባዶ ቼክ ላይ እንደመፈረም ነው። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ባይቢት የተባለው ኤክስቼንጅ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል የተዘረፈው እንዲህ ነው። ኃላፊዎቹ ሃርድዌር ዋሌት ነበራቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ያዩት ገጽ ግን ተለውጦ ነበር፤ የተለመደ ዝውውር መስሏቸው ፈረሙ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ዝርፊያውን የፈጸሙት የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ናቸው ብሏል። እኔ ብላይንድ ሳይኒንግ የሚባለውን ሴቲንግ ዝግ አድርጌ ነው የምጠቀመው።

"ሰፖርት ነኝ" ብሎ ለሚጽፍላችሁ ሰው አትመልሱ። ግሩፕ ላይ ጥያቄ ስትጠይቁ በደቂቃ ውስጥ "አድሚን" የሚል ስምና ፎቶ ያለው ሰው በውስጥ ይመጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከሌጀር የደንበኞች መረጃ ተሰርቆ ነበር። የ272,000 ያህል ሰዎች ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ በይፋ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ለአንዳንዶቹ የተበላሸ ዕቃችሁን ቀይሩ የሚል ደብዳቤና የውሸት ዋሌት ድረስ በፖስታ ተልኮላቸዋል። ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ፣ በስልክም በደብዳቤም፣ ሌባ ነው።

ስለ መብራትና ኢንተርኔትም ትጠይቁ ይሆናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ክሪፕቶ ያለው ሰው ሁሉ ተጨንቆ ነበር። ብሎክቼይኑ ላይ ያለው አይነካም፤ ግን ኢንተርኔት እስኪመጣ አታንቀሳቅሱትም። ስለዚህ የቤት ኪራይና አስቤዛ የሚሸፍን ብር ሁሌ በባንክም በእጅም ይኑራችሁ። የዕቃውን ሶፍትዌር አፕዴት ስታደርጉ ደግሞ ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። ቃላቱ በቅርብ መኖራቸውንም አረጋግጡ፤ አፕዴቱ ተቋርጦ ዕቃው ባዶ ቢሆን ከቃላቱ ትመልሱታላችሁ።

ባለትዳር ከሆናችሁ ወይም ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ እናንተ ብትታመሙ ወይም ብትሞቱ ገንዘቡ ምን ይሆናል የሚለውን አስቡ። እኔ ለእህቴ አንድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ቃላቱ በውስጡ የሉም። ምን ዓይነት ዋሌት እንደሆነ፣ በየትኛው ኔትዎርክ ምን እንዳለ፣ ብረቱ ማን ጋ እንደተቀመጠ፣ ማንንም "ባለሙያ" እንዳትጠይቅ፣ ቃላቱንም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን አዲስ ከአምራቹ የተገዛ ዕቃ ላይ ብቻ እንድታስገባ ይላል። በስልክ አንድ ጊዜ አብረን አንብበነዋል። "እንዲህ ያለ ነገር አትጻፍብኝ፣ ምን አባክ ሆነህ ነው?" ብላ ተቆጥታኝ ነበር። ከዚያ ግን አንብባ የማይገባት ቦታ ላይ ጠየቀችኝ፣ እኔም አስተካከልኩት። የሚያነበው ሰው ያልገባውን ነገር በሕይወት እያላችሁ ነው የምታስተካክሉት።

ዕቃው ቢሰረቅ ወይም ቢጠፋ የማደርገው ግልጽ ነው። ሌላ ዕቃ ይገዛል፣ ቃላቱ ይገቡበታል፣ ገንዘቡ ይታያል። ጊዜ የምትገዛላችሁ ፒኗ ናት። ከዚያ በአዲሱ ዕቃ ላይ ፍጹም አዲስ 24 ቃላት ይፈጠራሉ፣ ገንዘቡ ሁሉ ወደዚያ ይዛወራል። ብረቱን ሰው አይቶታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ አዲስ ዕቃ እስኪመጣ ያለውን ዕቃ ባዶ አድርጋችሁ በአዲስ ቃላት አስነሱትና አዛውሩ። ባዶ ከማድረጋችሁ በፊት የድሮዎቹ ቃላት እጃችሁ ላይ መሆናቸውን እዩ። ገንዘቡን ለመላክ የድሮውን ዋሌት መልሳችሁ መክፈት ስላለባችሁ፣ የአዲሱን አድራሻ ጻፉት፣ አዲሶቹን ቃላት በሚገባ ፈትኑ፣ ከዚያ በድሮዎቹ ቃላት ከፍታችሁ ላኩ። የድሮውን ብረት የምታጠፉት በየኔትዎርኩ የነበረው ሁሉ ዜሮ መሆኑን፣ ለክፍያ ያስቀመጣችሁት ትሮንም ሳይቀር መውጣቱን፣ ደንበኞቻችሁም አዲሱን አድራሻ መያዛቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው።